የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዙሉ ጦርነት ብርቅ መጻሕፍት

(ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄ፦ በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ ስለተካሄደው የ1879 የእንግሊዝና የዙሉ ጦርነት የተጻፉ የቆዩ መጻሕፍት መሰብሰብ ጀምሬአለሁ። የእንግሊዝ ጦር ሚኒስቴር የመረጃ ክፍል አዘጋጅቶ በ1881 የታተመው የዘመቻ ታሪክ «የመጀመሪያ እትም፣ እንደገና የተጠረዘ» ተብሎ ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ከመግዛቴ በፊት ምኑን ልይ?

መልስ፦ ካርታዎቹን። ሰብሳቢ ይህን መጽሐፍ የሚፈልገው በዋናነት ለእነሱ ነው፤ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። ታጥፈው ስለገቡ በቀላሉ ይቀደዳሉ፣ ተቆርጠው ለብቻቸው ይሸጣሉ፣ መጽሐፉ እንደገና ሲጠረዝም ሳይመለሱ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የካርታዎቹን ዝርዝር ይዘው አንድ በአንድ ምልክት እያደረጉ ይቁጠሩ። ሻጩ ሩቅ ከሆነ እያንዳንዱ ካርታ ተዘርግቶ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ ተነስቶ ይላክልዎ። «ሁሉም አለ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም።

ቀጥሎ 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ። በካርታው መስመርና ቀለም ላይ ተራ የጠበቁ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካዩ፣ የጎደለውን ለመተካት በቅርብ ዘመን የተባዛ ቅጂ ነው። ቅጂ መኖሩ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይነገርዎ ሲቀር ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ቢያነሱት ደግሞ የተጠገነ ቀዳዳ ሁሉ ጠቆር ብሎ ይታያል።

የርዕሱን ገጽ ዓመተ ምሕረትም አይለፉት፤ መጽሐፉ በ1907 እና በ1989 ዳግም ታትሟል። «እንደገና የተጠረዘ» ማለትም ሁለት ትርጉም አለው። ጀርባው (ቅጠሎቹ የተሰፉበት ጎን) ብቻ ተቀይሮ የቀድሞው ሽፋን ካለ መልካም ነው። ሁሉም አዲስ ከሆነ ግን የገጾቹ ጠርዝ ተከርክሞ እንደሆነ ኅዳጉን (በጽሑፉ ዙሪያ ያለውን ባዶ ቦታ) ይመልከቱ፤ እጅግ ከጠበበ ተከርክሟል ብለው ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት መጽሐፍ ካርታ እጥፋቱ ላይ ተቀድዷል። በፕላስተር ልለጥፈው?

መልስ፦ በፍጹም! የፕላስተሩ ሙጫ ውሎ አድሮ ይቢጫል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ፕላስተሩ ሲላጥም እድፉ አብሮ አይወጣም። ባለሙያ የሚጠግነው በስንዴ ስታርች ማጣበቂያና በስስ የጃፓን ወረቀት ነው፤ ይህ በውሃ ስለሚለቅ ስህተት ቢኖር ይታረማል። እስከዚያው ካርታውን በቀድሞው እጥፋት ብቻ ይጠፉት። መቀደድ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ካርታው ከጥራዙ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ነው። ስለዚህ ሲዘረጉት መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ይጋደም፣ አንድ እጅዎ ያንን ጥግ ደግፎ ይያዝ።

ማስቀመጫውን በተመለከተ፣ የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይከተላል። ፀሐይ የሚያገኘው መደርደሪያ የጨርቁን ሽፋን ያደበዝዛል፣ ከሁሉ በፊትም ጀርባውን።

ጥያቄ፦ ያሉኝ መጻሕፍት ሁሉ የእንግሊዝ መኮንኖችና ጋዜጠኞች የጻፏቸው ናቸው። የዙሉዎች ድምፅ ያለበት ይገኛል?

መልስ፦ ይገኛል፤ ስብስብዎ ያለ እሱ ጎዶሎ ነው። የናታል የአንግሊካን ጳጳስ የነበሩት የኮሌንሶ ማተሚያ ቤት ሠራተኛ የነበረው ዙሉው ማገማ ፉዜ በዙሉኛ የጻፈው የሕዝቡ ታሪክ በ1922 በፒተርማሪትዝበርግ ታትሟል፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ የወጣው በ1979 ነው። ሲያስሱ በዙሉኛው ርዕስ ይጠይቁ፤ «አባንቱ አባምንያማ» ብሎ ይጀምራል። ዙሉ ባይሆንም፣ ጦርነቱ ሲካሄድ በዙሉ አገር የነበረው ሆላንዳዊ ነጋዴ ኮርኔሊየስ ፋይን የጻፈውን ደግሞ ጳጳሱ ተርጉመው በ1880 አሳትመውታል። ልጃቸው ፍራንሲስ ኮሌንሶም ከኤድዋርድ ዱርንፎርድ ጋር በዚያው ዓመት የጦርነቱን ታሪክ አውጥታለች። የኤድዋርድ ወንድም ኮሎኔል አንተኒ ዱርንፎርድ ዙሉዎች እንግሊዞችን ባሸነፉበት በኢሳንድልዋና ጦርነት ላይ ወድቆ ለሽንፈቱ ተወቅሶ ነበርና ሲያነቡ ያንን ልብ ይበሉ።

ከደቡብ አፍሪካ የሚገዙ ከሆነ ክፍያውን ከመፈጸምዎ በፊት በ1999ኙ የቅርስ ሕግ መሠረት የመላኪያ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የአገሪቱን የቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ይጠይቁ።