ልጃችሁ ፒቸር ከሆነ አታስቸኩሉት

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ ቤዝቦል የጀመሩላችሁ ወላጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ልጁ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ ሆኖ ክንደ ፈጣን ከሆነ አንድ ቀን ኮቹ ጠጋ ብሎ «ይሄ ልጅ ከእኩዮቹ በላይ ነው፣ ከትልልቆቹ ጋር ይጫወት» ይላችኋል። ደስ ይላል። አገር ቤት ደብል የመታ ተማሪ ሰፈር ውስጥ እንዴት ይወራለት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ግን ክፍል መዝለል ክርን አይጎዳም።

በልጆቹ ውድድር፣ በሊትል ሊግ፣ እስከ 12 ዓመት ድረስ ፒቸሩ ኳሱን የሚወረውረው ከ46 ጫማ ርቀት ነው። በትልልቆቹ ሜዳ 60 ጫማ ከ6 ኢንች ይሆናል። ከአራት ሜትር በላይ ተጨመረበት ማለት ነው። ልጁ ኳሱን ለማድረስ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል። በዚህ ዕድሜ የክርኑ አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ፣ ቶሎ የሚጎዳው ያ የሚያድገው ቦታ ነው። ከፍ ሲል ደግሞ የክርኑ ጅማት ይበጠስና ቶሚ ጆን የሚባለው ኦፕሬሽን ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ የተሠራለት በዕድሜ የበሰለ ፕሮፌሽናል ነበር። ዛሬ የሃይስኩል ልጆችም ይሠራላቸዋል። ወደ ሜዳ ለመመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ትልልቆቹ ቡድኖችም ይሳሳታሉ። ቴክሳስ ሬንጀርስ በ1973 ዴቪድ ክላይድን ከሃይስኩል አንደኛ አድርጎ መረጠው። ገና 18 ዓመቱ ነበር። በታችኛው ሊግ አንድም ቀን ሳይወረውር ዋናው ሊግ ላይ አቆሙት። ተመልካች የራቀው ስታዲየም በዚያ ምሽት ሞላ፣ ልጁም አሸነፈ። ቡድኑ ትኬቱን ሸጠ። ክላይድ ግን ትከሻው ተጎዳ፤ 18 አሸንፎ 33 ተሸንፎ፣ በ1979 ከዋናው ሊግ ወጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ዲሲ አካባቢ ያለን ደግሞ የከተማችንን ቡድን የናሽናልስን ፒቸር፣ ስቲቨን ስትራስበርግን እናውቃለን። በ2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺ አስወጣ፤ በዚያው ዓመት ክርኑ ኦፕሬሽን ሆነ። በ2012 ናሽናልስ ወደ ፕሌይኦፍ እየገሰገሰ ሳለ «ለዘንድሮ ይበቃሃል» ብለው አስቀመጡት። ከተማው ተንጫጫ። በ2019 ግን የወርልድ ሲሪስ፣ የዋናው ሊግ ፍጻሜ፣ ኮከብ እሱ ሆነ። ኋላ ላይ ጉዳት ተደራርቦበት መጫወት አቆመ እንጂ። መጠንቀቅ ሁሉን ነገር አይከላከልም፤ እኔ ግን ያኔ ያስቀመጡት ሰዎች ልክ ነበሩ ባይ ነኝ።

ታዲያ ልጁ ወደ ትልልቆቹ ይለፍ ወይስ አይለፍ? የኳሱን ፍጥነት የሚለካውን የራዳሩን ቁጥር ተዉት። መጨረሻ ላይ፣ ደክሞት እያለ ኳሱን የፈለገበት ቦታ ያሳርፋል ወይ? በማግስቱ ክርኑን ሳያሻሽ ይነሳል ወይ? ካልሆነ ለኮቹ አማራጭ ስጡት፦ ከትልልቆቹ ጋር ይምታ፣ ይሩጥ፤ ፒች የሚያደርገው፣ ማለትም የሚወረውረው፣ ግን ከእኩዮቹ ጋር ይሁን።

ሌላው ቆጠራ ነው። ዋናው ሊግ (ሜጀር ሊግ) እና የአገሪቱ የቤዝቦል አካል ዩኤስኤ ቤዝቦል ያወጡት ፒች ስማርት የሚባል መመሪያ አለ። ለ11 እና 12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ፒች በላይ አይፈቅድም። 66 ከደረሰ አራት ቀን ማረፍ አለበት። ችግሩ ልጁ ሁለት ቡድን ሲኖረው ነው። ቅዳሜ ለአንዱ፣ እሁድ ለሌላው ይወረውራል፤ አንዱ ኮች የሌላውን አይቆጥርም። እኛ ደግሞ አስተማሪን መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። ጠይቁ። ስልካችሁ ላይ ራሳችሁ ቁጠሩ።

ከቁጥሩም በላይ ልጁን እዩት። ሲደክመው ክርኑ ከትከሻው በታች ይወርዳል። ኳሱ ከፍ ከፍ ማለት ይጀምራል። በየፒቹ መሀል ክንዱን ያራግፋል፣ ጫማውን ያስራል፣ ጊዜ ይገዛል። ብትጠይቁት «ደህና ነኝ» ነው የሚላችሁ። ሌሊት ሠርታችሁ የከፈላችሁበትን እያወቀ፣ አሞኛል አይልም።

ስኮላርሺፕ ያመልጠዋል ብላችሁ አትስጉ። ለረጅም ዓመታት አንድ የዲቪዥን 1 (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ቤዝቦል ቡድን ለሁሉም ተጫዋቾቹ የሚያከፋፍለው 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። አሁን ሕጉ ቢቀየርም፣ በ12 ዓመቱ ስላስቸኮላችሁት የሚሰጠው የለም።

መመሪያው በዓመት ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ ይረፍ ይላል። ከኖቬምበር ጀምሮ ኳሱን ደብቁት። ኮቹ ለዊንተር ስልጠና ክፈሉ ካላችሁ፣ ቅርጫት ኳስ ላይ ነው በሉት።