ያወረድኩት ፋይል የት ገባ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ በቤታችን ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ኮምፒውተር አለ፤ የምንጠቀምበትም እኔና ሁለቱ ልጆቼ ነን። ከሁለት ወር በፊት ያወረድኩትን አንድ የፒዲኤፍ መጽሐፍ ሰሞኑን ብፈልገው ከዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ አጣሁት። በክሮም የዳውንሎድ ዝርዝር ውስጥ ስሙ አለ፤ ነገር ግን መስመር ተሰርዞበታል፣ አጠገቡም ፋይሉ መጥፋቱን የሚናገር ቃል ይታያል። ሪሳይክል ቢን ውስጥም የለም። በዚህ ስገረም፣ ትናንት ማታ ደግሞ በኢሜይል የተላከልኝን የዎርድ ሰነድ በኤጅ ብራውዘር በኩል ኦፕን የሚለውን ተጭኜ ከፈትኩትና ሁለት ሰዓት ያህል ስጽፍበት አምሽቼ፣ ሴቭ ብዬ ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት ከኢሜይሉ ላይ ዳግመኛ ስከፍተው አንድም የጻፍኩት ቃል የለበትም። ቫይረስ ገብቶብኝ ይሆን? ልጆቼ «እኛ አልነካንም» ይላሉ።

መልስ፦ ከነገሩን ምልክቶች ቫይረሱንም ሆነ ልጆቹን የሚያስጠረጥር ነገር አላየንም። የገጠሙዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ፍለጋውን ግን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከዎርድ ሰነዱ ይጀምሩ፤ መጽሐፉን እንደገና ማውረድ ይቻላል፣ የሁለት ሰዓት ጽሑፍዎ ግን ከእርስዎ ኮምፒውተር በቀር የትም የለም።

ከሁሉ አስቀድመው ሴቲንግስን፣ ቀጥሎ ሲስተምን፣ ከዚያም ስቶሬጅን ከፍተው ስቶሬጅ ሴንስ የሚባለው አገልግሎት በርቶ ከሆነ ያጥፉት። ይህ የዲስክ ቦታ ለማስለቀቅ ሲል ፋይሎችን በራሱ የሚያጸዳ የዊንዶውስ ክፍል ሲሆን፣ ከሚያጸዳቸውም መካከል ጊዜያዊ ፋይሎች ይገኙበታል። የእርስዎ ጽሑፍ ደግሞ አሁን የተቀመጠው ከእነዚሁ ጊዜያዊ ፋይሎች ጋር እንደሆነ እንገምታለን። ዲስክ የሚጠርግ ሌላ ፕሮግራም ካለዎትም ሰነዱ እስኪገኝ ድረስ አያስነሱት።

ኦፕን የሚለውን ሲጫኑ ኤጅ የሰነዱን ቅጂ ቴምፕ በሚባል፣ ሰው በተለምዶ በማይገባበት ፎልደር ውስጥ ያኖርና ያንን ቅጂ ለዎርድ ይሰጠዋል። ሴቭ ሲሉም ዎርድ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ ያስቀመጠው ግን እዚያው ቴምፕ ውስጥ ባለው ቅጂ ላይ ነው። በኢሜይሉ ላይ የተያያዘው ሰነድ እርስዎ ምንም ቢጽፉ አይለወጥም፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የከፈቱት ገና ያልተነካ አዲስ ቅጂ ነበር። ሴቭ የሚለው ቁልፍ የት እንደሚያስቀምጥ ሳይናገር ሥራውን ጨርሶ ዝም ማለቱ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከተጠቃሚው ስህተት የበለጠ ሊወቀስ የሚገባው ነው።

አሁን ኢሜይሉን ተዉትና ዎርድን ብቻውን ይክፈቱ፤ በቅርቡ የተከፈቱ ሰነዶች ዝርዝር ይመጣል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ሰነዶች ቢያገኙ አይደናገጡ፤ አንዱ የትናንቱ፣ ሌላው የዛሬው ቅጂ ነው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ከቀኑና ከሰዓቱ ይለዩታል። የትናንቱን ከፍተው ጽሑፍዎን ካገኙ ወዲያውኑ ሴቭ አዝ በሚለው በኩል ዶክዩመንትስ ውስጥ ያስቀምጡት። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ፊደል ጋር አንድ ላይ ይጫኑና፣ በምትከፈተው ትንሽ መስኮት ላይ ቴምፕ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል፣ ከፊትና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት አድርገው ይጻፉ። በሚከፈተው ፎልደር ውስጥ የሰነዱን ስም በመፈለጊያው ሳጥን ጽፈው፣ ውጤቱን በተሻሻለበት ቀን ያሰልፉት። ቅጂው በሌላ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ሊሆን ስለሚችል በዓይን ብቻ መቃኘት አይበቃም።

ፋየርፎክስም ቀድሞ እንዲህ ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ከወጣው 98ኛው እትም ጀምሮ ግን የሚከፈተውንም ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ ያስቀምጣል። እርስዎ በኤጅ መጠቀምዎን የሚቀጥሉ ከሆነ፣ የሚጽፉበትን ማንኛውንም ሰነድ መጀመሪያ ሴቭ አዝ ብለው ቦታውን ራስዎ መርጠው ካወረዱ በኋላ ይክፈቱት።

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። የክሮም ዝርዝር የፋይሎች ማኅደር አይደለም፤ ምን አውርዶ የት እንዳኖረ የሚመዘግብበት ደብተር ነው። ዝርዝሩን ቢያጸዱት ፋይሎቹ አይነኩም፤ እንዲሁም ፋይሉ ካኖረበት ቦታ ቢንቀሳቀስ ወይም ስሙ ቢቀየር ክሮም «ጠፍቷል» ብሎ በስሙ ላይ መስመር ያሰምርበታል። ስለዚህ ቃሉን እንደ መርዶ አይቁጠሩት። በፋይል ኤክስፕሎረር ዚስ ፒሲ የሚለውን መርጠው ከመጽሐፉ ስም አንዱን ቃል ብቻ በመጻፍ መላውን ኮምፒውተር ያስፈልጉ። ልጆችዎ አልነካንም ያሉት ከልባቸው ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ፋይሎችን ወደ አዲስ ፎልደር ማሰባሰብን እንደ መንካት የማይቆጥር ሰው ብዙ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ለየራሳችሁ አካውንት ካላችሁም እያንዳንዱ አካውንት የራሱ ዳውንሎድስ ፎልደር እንዳለው ያስታውሱ።

ካልተገኘ ዋናው ተጠርጣሪ ያው ቀደም ሲል ያጠፉት ስቶሬጅ ሴንስ ነው። በማስተካከያው ውስጥ ዳውንሎድስን የሚመለከት አንድ ምርጫ አለ፤ ሳይነካ ሲቀር በጭራሽ እንዳያጸዳ የተቀመጠ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ቀይሮት ከሆነ ለ1፣ ለ14፣ ለ30 ወይም ለ60 ቀናት ያልተከፈተን ፋይል ያጠፋል። ይኸው አገልግሎት ሪሳይክል ቢንንም፣ ካልተለወጠ በቀር፣ በ30 ቀን ያጸዳል። ሁለት ወር ሙሉ ሳይከፈት የቆየ መጽሐፍ ከሁለቱም ቦታ መታጣቱ ከዚህ ጋር ይገጥማል። አንቲቫይረስ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ፋይሉ በወረደበት ደቂቃ ነው፤ ለማረጋገጥ ከፈለጉ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ፕሮቴክሽን ሂስትሪ የሚለውን ይመልከቱ። ምርጫውን ኔቨር ወደሚለው ይመልሱና መጽሐፉን ያወረዱበትን ገጽ ከክሮም ታሪክ ውስጥ ፈልገው እንደገና ያውርዱት፤ ክሮም የተጎበኙ ገጾችን የሚይዘው ለ90 ቀናት ያህል ስለሆነ ይህን ዛሬ ነገ አይበሉበት።

ጥያቄ፦ ከዚፕ ፋይል ውስጥ አንድ ሰነድ ጎትቼ ወደ ዳውንሎድስ አወጣሁ፤ ነገር ግን ከዛሬዎቹ ፋይሎች መካከል የለም። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ።

መልስ፦ ሁለተኛውን ጊዜ ሲሞክሩ ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም ፋይል አለ፣ ልተካው?» ብሎ ጠይቆዎት ከሆነ፣ መልሱ እዚያው ነበር። ዳውንሎድስ ፋይሎችን የሚያሰልፈው በተሻሻሉበት ቀን እየቧደነ ነው፤ ከዚፕ የወጣ ሰነድ ደግሞ ዛሬ ቢወጣም ባለቤቱ መጨረሻ ያሻሻለበትን ቀን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከሁሉ በታች፣ ከድሮዎቹ ጋር ይፈልጉት፤ ወይም በባዶ ቦታ ላይ የማውዙን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ግሩፕ ባይ ከሚለው ውስጥ «ነን» (None) የሚለውን ይምረጡና በስም ያሰልፉት።