የሰገራ ከረጢት ይዤ ወደ ቤተ መቅደስ መግባት እችላለሁን?

ጥያቄ፦ አንጀቴ ተጠማዞ በቀዶ ሕክምና ከፊሉ ከተቆረጠ ወዲህ ሰገራዬ የሚወጣው ሆዴ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ሆኖ፣ በላዩ በተለጠፈ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ሐኪሞቹ ኮሎስቶሚ ይሉታል። ቀድሞ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምርት ነበርሁ፤ አሁን ግን ቅዳሴውን ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ። ርኩስ የሆንሁ፣ የቀድሞዋ እኔም የሞተች ይመስለኛል። መግባትና መቍረብ ይፈቀድልኛልን?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ከቅጥሩ ውጭ እንድትቆሚ የሚያዝዝ ቀኖና የለም። የጾሙንና የንጽሕናውን ሥርዓት አድገሽበታልና አልደግምልሽም። በፊስቱላ በሚሠቃዩ እኅቶቻችንና የሽንት ቱቦ በተደረገላቸው አረጋውያን ዘንድ ደጋግሜ ባገኘሁት አንድ ስሕተት ላይ ግን ጥቂት መቈየት እፈልጋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደም ወይም መግል የሚፈስሰው ሰው በዚያ ዕለት ከመቍረብ እንዲቈይ የምታዝዘው ለሥጋ ወደሙ ክብር ስትል ነው፤ ሕመምተኛው ግን ይህን ጥንቃቄ በማንነቱ ላይ እንደ ተፈረደ ፍርድ ይቈጥረዋል።

በአንቺ ላይ ያለው ደግሞ የሚፈስስ ቍስል አይደለም። የቀዶ ሕክምናው ቍስል ከዳነ በኋላ የሚታየው የራስሽ አንጀት ጫፍ ነው፤ ቀይና እርጥብ መሆኑ እንደ ከንፈር ውስጠኛ ክፍል ተፈጥሮው ነው። መያዝና መልቀቅ የሚያስችል ጡንቻ ስለሌለውም ጊዜውን አንቺ አትወስኚም። በቅዳሴው የቆመው ሕዝብ ሁሉ፣ ካህኑም ጭምር፣ በሆዱ የያዘውን አንቺ በከረጢት ይዘሻል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ጌታችን ወደ አፍ የሚገባው ሁሉ በሆድ አልፎ ወደ እዳሪ እንደሚጣል ከተናገረ በኋላ ሰውን የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው ክፉ አሳብ እንደ ሆነ አስተምሯል (ማቴ. 15፥17-20)። ቅዱስ አትናቴዎስም በ4ኛው መቶ ዓመት ለመነኵሴው ለአሙን በላከው መልእክት ከአፍንጫ፣ ከአፍና ከሆድ የሚወጣው ሁሉ የተፈጥሮ ግዴታ እንጂ ኃጢአት አለመሆኑን ጽፏል፤ በእነዚህ ነገሮች ነፍስን ማስጨነቅንም ጠላት በንጽሕና ስም የሚያመጣው ሁከት አድርጎ ይቈጥረዋል።

«የቀድሞዋ እኔ ሞተች» ያልሽው የበለጠ አሳዝኖኛል። ስላጣሽው ጤና ማልቀስሽን አልነቅፍም፤ ኀዘኑን ወደ ሞት ፍርድ መለወጥሽን ግን አልቀበለውም። በኦሪት አባለ ዘሩ የተቀጠቀጠ ወይም የተቈረጠ ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ታዝዞ ነበር (ዘዳ. 23፥1)። በነቢዩ በኢሳይያስ አድሮ ግን እግዚአብሔር ጃንደረባው «እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ» እንዳይል ከልክሎ፣ በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጠው ቃል ገባ (ኢሳ. 56፥3-5)። ይህ ቃል የተፈጸመበትን ሰው ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን ነውና እናውቀዋለን፤ በጋዛ መንገድ ይህንኑ ነቢይ ያነብ የነበረው የህንደኬ ጃንደረባ ነው። «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ፊልጶስ ስለ እምነቱ ጠየቀው እንጂ ስለ አካሉ አንዳች አላነሣም። አንቺም ከዚያው ጥምቀት የተቀበልሽው የክርስትና ስም አለሽ፤ ካህኑ ስምሽን ለጸሎት ሲጠይቅሽ የምትነግሪው እርሱን ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም አንድ ነው።

ከረጢቱን ጥለሽ በጠበል ብቻ እንድትታመኚ የሚመክሩሽ ካሉ አትስሚያቸው፤ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ የሲራክ መጽሐፍ በ38ኛው ምዕራፍ ያስተምራል። ከከረጢቱ ድምፅ ሲሰማ ዞር ብሎ የሚያይሽ ሰው ቢኖር፣ ሊያፍር የሚገባው እርሱ ነው።

ከቤት ስትወጪ ከረጢቱን ባዶ አድርገሽ፣ መለወጫ ይዘሽ በመጪው እሑድ ግቢ፤ መውጣት ቢያስፈልግሽ እንዲቀልልሽ በር አጠገብ ቁሚ። ስለ ቍርባኑ፣ በተለይም የአንጀትሽን ጫፍ ስታጸጂ ደም በሚታይበት ቀን ስለምታደርጊው፣ የሚወስኑልሽ የንስሐ አባትሽ ናቸው። ኮሎስቶሚ ምን እንደ ሆነ ላያውቁ ይችላሉና «ሕመም አለብኝ» ብለሽ አትለፊ፤ አንጀትሽ የት እንደሚወጣ፣ ከረጢቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ሳታፍሪ በግልጽ አስረጂያቸው።