ኮከቧ መሀል ስትገባ፦ የተረከቡትን የስታታ ዱ ፋይል ማንበብ

ጥያቄ፦ ሥራ የለቀቀ ባልደረባዬን የስታታ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ዱ ፋይል፣ ማለትም ትእዛዞች በተራ የተጻፉበትን ፋይል ተረከብኩ። ሪግሬሽኑ (ገቢ ከሌሎች ነገሮች ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያሰላው ትእዛዝ) ሦስት መስመር ነው። «ትምህርት» የሚለውን ቫሪያብል ላስወጣ ብዬ ከፊቱ ኮከብ (*) አደረግሁ። ጭራሽ ዳታው ውስጥ ያለው ቫሪያብል ሁሉ ሠንጠረዡ ላይ ተዘረገፈ። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስታታ ያዘዝከውን ነው ያደረገው። የላክህልኝ ኮድ ይኸው፦

ሪግረስ ገቢ ዕድሜ ///
* ትምህርት ///
ክልል

መስመር መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት ስላሾች «ገና አልጨረስኩም» ማለት ናቸው። ስለዚህ ለስታታ ይሄ አንድ ትእዛዝ ነው። ኮከብ ደግሞ ኮሜንት (ስታታ ሳይሠራው የሚያልፈው ጽሑፍ) የምትሆነው ትእዛዝ ሲጀምር ብቻ ነው። መሀል ከገባች ሌላ ሥራ አላት። ሒሳብ ውስጥ ማባዣ ናት፤ የቫሪያብል ዝርዝር ውስጥ ብቻዋን ከቆመች «ሁሉንም አምጣ» ማለት ናት። ያንተ ዳታ በሙሉ ቁጥር ስለሆነ ምንም ሳያጉረመርም ሠራልህ። እኔን የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ነው። ቀይ የስህተት ጽሑፍ ቢያወጣ ይሻል ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኮከቧን አንሳና ስላሾቹን ወደ ፊት አምጣቸው፦

ሪግረስ ገቢ ዕድሜ ///
  /// ትምህርት
ክልል

ከሦስቱ ስላሾች በኋላ ያለውን ስታታ አያነበውም፤ ቀጥሎ ያለውን መስመር ግን ይቀጥለዋል። ከስላሾቹ በፊት ክፍት ቦታ መተው እንዳትረሳ።

አሁን ደግሞ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ፈትሽና የዚህን ተቃራኒ ፈልግ፦

* ድሮፕ ኢፍ ዕድሜ < 15 ///
ሪፕሌስ ገቢ = ገቢ / 12

አንዱ የመጀመሪያውን መስመር (ድሮፕ፣ ማለትም ረድፎችን የሚያስወጣውን ትእዛዝ) በኮከብ አጠፋ፣ ጭራውን (ሦስቱን ስላሾች) ግን ረሳው። በዚህ የተነሳ ሁለተኛውም መስመር አብሮ ኮሜንት ሆነ። የዓመት ገቢ ወደ ወር ሳይለወጥ ትንተናው ይቀጥላል ማለት ነው። ይሄን በዓይን ማየት ከባድ ነው። አሂደውና የውጤት መስኮቱን እይ። አዲስ ትእዛዝ በነጥብ ይጀምራል፣ የቀጠለ መስመር ደግሞ በ > ምልክት። ሪፕሌስ የሚለው በ > ከጀመረ ተበልቷል። ስንት ረድፍ እንደተቀየረ የሚነግርህ መልእክትም አታገኝም።

ፋይሉ አናት ላይ #ዲሊሚት (ትእዛዝ በምን ምልክት እንደሚያበቃ የሚወስነው) ከሴሚኮሎን (;) ጋር ካለ ሕጉ ይለወጣል። በኮከብ የተጀመረ ኮሜንት የሚያበቃው መስመሩ ሲያልቅ ሳይሆን ሴሚኮሎን ሲመጣ ነው።

ለሙከራ ኮዱን ኮማንድ መስኮቱ (ትእዛዝ በቀጥታ የሚጻፍበት ቦታ) ላይ ስትለጥፈው ኤረር ቢልህ አትደንግጥ። // እና /// የሚሠሩት ዱ ፋይል ውስጥ ነው። ኮማንድ መስኮቱ ላይ የምትሠራልህ ኮከብ ናት።

ረጅም ክፍል ማጥፋት ስትፈልግ በየመስመሩ ኮከብ አትደርድር፤ በ /* እና */ መሀል አስገባው። ባልደረባህ ኮሜንት አድርጎ ያጠፋቸውን ትእዛዞች ግን ለጊዜው አትሰርዝ። መጀመሪያ ፋይሉን ምንም ሳትነካ አሂድና የድሮው ሪፖርት ሠንጠረዥ ይወጣልህ እንደሆነ እይ። ካልወጣ፣ ከጠፉት መስመሮች አንዱን መልሶ ማብራት ሊያስፈልግህ ይችላል።