የማዞር ኪኒን ለምትላኩ ልጆች

ልጆቼ፣

ጎንደር ውስጥ ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ሰው ዶክተር ይለኛል፤ እኔ ፋርማሲስት ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከማይለወጡት ነገሮች አንዱን ልንገራችሁ። አመሻሽ ላይ አንድ ልጅ እያለከለከ ይገባል። በእጁ ያለቀ የኪኒን እሽግ ይዟል፤ ብሩን በላዩ ጠቅልሎበታል። «እማዬ ይኼን አምጣ ብላኛለች። የማዞር ነው» ይለኛል።

የሚውጠው ማን እንደሆነ፣ ማዞሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ ብጠይቀው አያውቅም። አይፈረድበትም፤ አልነገሩትም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱ ነው። ስልኩን የያዘው እሱ ነው፣ የሚላከውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ላውራ። እኛ «አዞረኝ» የምንልበት ነገር ብዙ ነው። ረሃብ ሲጸናብን አዞረኝ እንላለን። ከመቀመጫ ብድግ ስንል ዓይናችን ጭልም ሲል አዞረኝ። ስንራመድ ሲያንገዳግደን አዞረኝ። ተኝተን ሳለን ጣሪያው ሲሽከረከርም አዞረኝ። ሐኪሞች ቨርቲጎ የሚሉት ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው። ትኩሳት እንደማለት ነው። ትኩሳት አለኝ ላለ ሁሉ የወባ መድኃኒት አንሰጥም።

ስለዚህ አሁን «ያዞርዎታል ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። «ምን ሲያደርጉ ነው የሚጀምርዎ? ምን ያህልስ ይቆያል?» እላለሁ። የጾም ሰሞን ብዙ እናቶች «ስግደት ላይ ነው» ይሉኛል። እዚያ ላይ አልተዋቸውም። ጎንበስ ሲሉ ነው ወይስ ተነሥተው ሲቆሙ? ሲቆሙ ዓይናቸው የሚጨልም ከሆነ ጾሙንና ጥሙን፣ የደም ማነሱን፣ የግፊት ኪኒኑን አስባለሁ። ሰው ከተኛበት ተነሥቶ ሲቆም በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ መታየት ያለበት የደም ግፊቱ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የማዞር ኪኒን ብንሰጠው ጭራሽ ያደነዝዘዋል፣ ይጥለዋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጾም ሰዓት አዞረኝ፣ አላበኝ፣ አንቀጠቀጠኝ ካለ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚፈልገው ቶሎ ብሎ ጣፋጭ ነገር መቅመስ ነው።

ጎንበስ ሲሉ፣ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ሽቅብ ሲያዩ ለጥቂት ሰከንድ ቤቱ ከዞረባቸው ግን ወደ ጆሮ እሄዳለሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ የጣሪያውን የመላእክት ፊቶች አይታችኋል አይደል? አንዲት እናት እነሱን ለማየት ቀና ባሉበት ዞሮባቸው አጠገባቸው ያለውን ሰው ክንድ ጨምድደው ሲይዙ አይቻለሁ። ሰዉ መንፈስ ነው ብሎ ደነገጠ። ጠጠር ነበር።

ጠጠር ስል እውነተኛ ጠጠር ማለቴ ነው። በውስጥ ጆሯችን ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ፤ እዚያ በጣም የደቀቁ ጠጠሮች ተለጥፈው ይኖራሉ። የተሠሩት ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። የእንቁላል ቅርፊት ከዚያው ነው። የፋሲል ግንብ ድንጋዮች የተያያዙበት ኖራም ሲደርቅ የሚሆነው ያንኑ ነው። በዕድሜ ወይም ራስን በመመታት፣ አንዳንዴም ያለ ምንም የሚታወቅ ምክንያት፣ ጥቂቶቹ ከቦታቸው ይለቁና በዚያው ጆሮ ካሉት ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች ወደ አንዱ ይገባሉ። ቱቦው በፈሳሽ የተሞላ ነው። ራሳችንን ስናንቀሳቅስ ጠጠሮቹ ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹንም ይገፋሉ። ጆሮ ለአንጎል «እየዞርክ ነው» ይለዋል፤ ዓይንና እግር ደግሞ «ኧረ አልዞርክም» ይሉታል። ጠጠሮቹ ሲረጉ ማዞሩ ይቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ 1 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ አስቡት። ከ1 ደቂቃ በታች ለሚቆይ ማዞር የተዋጠ ኪኒን፣ ገና ሆድ ውስጥ ሳይሟሟ ማዞሩ አልፏል። ደግሞም ኪኒን ጠጠር ከቱቦ አያወጣም።

የሚያወጣው ራስን በሥርዓት ማዞር ነው። ጆን ኤፕሊ የሚባል አሜሪካዊ የጆሮ ሐኪም ነው ዘዴውን ያወጣው። ባልደረቦቹ ለዓመታት አላመኑትም፤ በ1992 እ.ኤ.አ. የጻፈው ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ግን ዓለም ተቀበለው። ታማሚው አልጋ ላይ ይቀመጣል። ራሱን ወደታመመው ጆሮ 45 ዲግሪ ያዞራል። ፈጠን ብሎ በጀርባው ይተኛል፤ ራሱ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ይላል። ማዞሩ ይመጣበታል፤ እስኪያልፍለት ይጠበቃል። ከዚያ ራሱ ወደ ሌላኛው ጎን ይዞራል። ቀጥሎ ሰውነቱ ይከተልና ፊቱ ወደ ወለሉ ያያል። በመጨረሻ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይገላገላል። ቪዲዮ አይታችሁ አያታችሁ ላይ አትሞክሩ ግን። የትኛው ጆሮ፣ የትኛው ቱቦ እንደሆነ መለየት አለበት፤ አንገታቸውን የሚያማቸውም አሉ። መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ወይም ዘዴውን የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራላቸው።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። የሚዛን ነርቭ ሲቆጣ ሰው ለቀናት ሳያባራ ይዞርበታል፣ ያስመልሰዋል። ሜኒየር በሚባለው ደግሞ ጆሮ ይደፈናል፣ ይጮኻል፣ መስማትም ይቀንሳል፤ ማዞሩም ለሰዓታት ይቆያል። እነዚህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው።

አሁን ደስ ስለማይለኝ ነገር ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሰፈሬ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ጊዜ ሐኪም ሲናሪዚን የሚባለውን የማዞር ኪኒን፣ 25 ሚሊ ግራሙን፣ ለጥቂት ቀን አዘዘላቸው። ከዚያ በኋላ ባዶውን እሽግ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ፣ ሲደክማቸው የልጅ ልጃቸውን ይልካሉ። እኔም እሰጣለሁ። ያሳደጉኝ እናት ናቸው፤ ማዘዣ አምጡ ብዬ እንዴት ልመልሳቸው? ስምንት ወር ሰጠሁ።

አንድ ቀን ቡና ጠሩኝ። ሲኒውን ሲያቀብሉኝ ከሳህኑ ጋር ተንገጫገጨ፤ ቡናው በጣታቸው ላይ ፈሰሰ። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁት። ሳቂታ ነበሩ፤ ፊታቸው ደርቋል። ከዱካቸው ሲነሡ እግራቸው መሬት ይጎትታል። «እርጅና ነው ልጄ» አሉኝ። እርጅና አልነበረም። ሲናሪዚን ረዘም ላለ ጊዜ ሲወሰድ፣ በተለይ አረጋውያን ላይ፣ ፓርኪንሰን የሚመስል መንቀጥቀጥና መድረቅ ሊያመጣ ይችላል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ሲኒው እስኪንገጫገጭ ድረስ ግን ትዝ አላለኝም።

በሐኪም ምክር ኪኒኑን አቆሙ፤ መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ፣ በወራት ለቀቃቸው። ማዞራቸው ምን ነበር? አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ሲገላበጡ ብቻ የሚይዛቸው ነበር። ጠጠር።

የማዞር መድኃኒት ክፉ ነው አልልም። ሰማይና ምድሩ ተገለባብጦበት ውኃ እንኳ አልረጋ ላለው ሰው እፎይታ ነው። ግን የጥቂት ቀን ነው። ሲናሪዚን፣ ፕሮሜታዚንና የመሳሰሉት የሚዛን መልእክቱን ያፍናሉ። አንጎል ደግሞ አንዱ ጆሮ ሲጎዳ አዲሱን ሁኔታ መልመድ አለበት፤ የሚለምደውም መልእክቱን እየሰማ፣ ሰውየው ቀስ እያለ እየተንቀሳቀሰ ነው። ኪኒኑ ሲረዝም ልምዱ ይዘገያል። ሐኪም ካላስረዘመው በቀር ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እንዲያበቃ የሚመከረው ለዚህ ነው። ቤታሂስቲን አሠራሩ ለየት ይላል፤ ያንን ሐኪም ለረዘመ ጊዜ ሊያዝ ይችላል። ጨጓራ ወይም አስም ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ይናገር።

አብዛኞቹ ያስተኛሉ። ባጃጅ የምትነዱ ልጆች፣ ውጣችሁት መሪ አትጨብጡ። ከአረቄም ከጠላም ጋር አይገናኝ። ሊማሊሞን የምትወርዱ መንገደኞች ፕሮሜታዚን ከሆነ ከመሳፈራችሁ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በፊት፣ ሲናሪዚን ከሆነ 2 ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ብትወስዱ ይሻላል፤ ማስመለስ ከጀመራችሁ በኋላ ብዙ አይረዳም። ሕፃን አዝለው የሚሳፈሩ እናቶች «ለልጁም ግማሽ ልስጠው?» ይሉኛል። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁም ከመግዛታችሁ በፊት ንገሩን።

ፕላሲልን ለብቻው ላንሣው፤ እናንተን ወጣቶችን ይነካልና። ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጥ ነው፣ ማዞርን አያክምም። አንዳንድ ወጣት ላይ፣ በተለይ ሴቶች ላይ፣ ከወሰዱት በኋላ አንገት ይጠማዘዛል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል። ቤተሰብ ቡዳ በላት ብሎ ይሯሯጣል። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን መጀመሪያ ጤና ተቋም ውሰዷት፣ ምን እንደዋጠችም ተናገሩ። መርፌ ሲሰጣት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃታል።

ፋርማሲ የማያስኬድ ማዞርም አለ። ማዞሩ ድንገት መጥቶ አፍ ከተኮላተፈ፣ ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ከዚህ በፊት የማያውቁት ብርቱ ራስ ምታት ከተነሣ ወይም ሰውየው ደግፈውት እንኳ መቆም ካቃተው፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። እኔ ጋ አትምጡ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ልቡ በኃይል እየመታ ራሱን ስቶ የወደቀም እንዲሁ።

ስትላኩ ባዶውን እሽግ ብቻ አትያዙ። ቤት ያሉትን መድኃኒቶች ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የእንቅልፉን። በቅርቡ መርፌ ተወግተው ከነበረ ስሙን ጠይቃችሁ ኑ። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የሚዛንን ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። ከመውጣታችሁ በፊትም ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ምን ሲያደርጉ ይጀምራል፣ ስንት ጊዜ ይቆያል፣ ኪኒኑን ከጀመሩ ስንት ቀን ሆናቸው።

እኛንም ጠይቁን። «ይኼ እስከ መቼ ነው የሚወሰደው?» በሉን። ሰልፍ ቢኖርም፣ ፊታችን ቢጠቁርም ጠይቁ። ያኔ ያቺ የልጅ ልጅ ባንኮኒዬ ላይ ክርኗን አስደግፋ በየወሩ ትቆም ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይኼ ኪኒን አያልቅም እንዴ?» ብትለኝ ኖሮ፣ የሕክምና ካርዳቸውን አምጪልኝ እላት ነበር።