ኖታህ ሳይደርስ እየቀረ ነው

«ጋሼ፣ ብሉዝ ሊድ ጊታር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ፔንታቶኒኩን፣ ባለ አምስት ኖታውን ስኬል፣ በአምስቱም ቦታ እችለዋለሁ፣ ፍጥነትም አለኝ። ሶሎ ስጫወት ግን ስኬል የምለማመድ ነው የሚመስለው። የቆዩት ተጫዋቾች በሦስት ኖታ ሰው ያስለቅሳሉ፤ እኔ በሠላሳ ኖታ ማንንም ዞር አላስብልም። ምን ጎደለኝ?» ይላል የደረሰኝ መልእክት። የሁለት ደቂቃ ቅጂም አብሮ ተልኳል።

ወንድሜ፣ ቅጂህን አራት ጊዜ ሰማሁት። ጣትህ ይሠራል፣ ምቱንም አትስትም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የምትጫወተው በኤ ነው። ከቀጭኑ ሲቆጠር ሦስተኛውን ክር ሰባተኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለው ብረት) ላይ ይዘህ ስትገፋው ከዲ ተነስቶ ኢ ላይ መድረስ አለበት። ያንተ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንዴም አልደረሰም። ሰሚው የኖታውን ስም ባያውቅም ጆሮው ይጠብቀዋል፤ ሳይመጣለት ሲቀር ያዝንብሃል። ከዚያ በኋላ የምታዘንበው ኖታ ሁሉ ያችን አንዷን አይክሳትም።

ስለዚህ አዲስ ስኬል አትፈልግ። ይህን አድርግ። መጀመሪያ ሁለተኛውን ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ምታው። መድረሻህ እሱ ነው፣ ኢ። ጊታሩን ተወውና በአፍህ አንጎራጉረው። አሁን ሦስተኛውን ክር ከሰባተኛው ፍሬት እየገፋህ ያንጎራጎርከውን ድምፅ ፈልገው። እርግጠኛ ለመሆን ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ምታቸው፤ ሌባ ጣትህ ሁለተኛው ክር ላይ፣ የቀለበት ጣትህ ሦስተኛው ላይ። ቤንዱ፣ ማለትም የምትገፋው ክር፣ ሊደርስ ሲል ሁለቱ ድምፆች ተጋጭተው ወው ወው ወው ይላሉ። እየቀረብህ ስትሄድ ወውታው ይዘገያል፤ ሲገናኙ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ነው መድረሻህ። ቱነር (ቅኝት መለኪያ) አያስፈልግህም።

አገፋፍህም መስተካከል አለበት። ከድምፁ እንደገባኝ በአንድ ጣት ብቻ ነው የምትገፋው። የቀለበት ጣትህ ሰባተኛው ላይ ሲሆን የመሐል ጣትህ ስድስተኛው ላይ፣ ሌባ ጣትህ አምስተኛው ላይ ከኋላ ይደግፉት። አውራ ጣትህ ከአንገቱ በላይ ብቅ ብሎ ይያዝ። ከዚያ ጣቶችህን አትዘርጋ፤ በር ላይ ቁልፍ እንደምታዞር አንጓህን አዙር። ጉልበቱ ከአንጓ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ወጣት ሆኜ ሆቴል ውስጥ ስጫወት አንድ አንጋፋ ጊታሪስት ነበር። ምን እየበላሸብኝ እንደሆነ ብጠይቀው ምንም አላለኝም። አጠገቤ ተቀመጠና ጣቱን በጣቴ ላይ ጭኖ ክሩን አብሮኝ ገፋው። እኔ እቆም ከነበረበት አለፈ። አሁንም ገፋ። ኖታው ከገመትኩት በላይ ሩቅ ነበር። ያን ርቀት ጣቴ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንተም ልምድ ያለው ሰው ካገኘህ «የትኛውን ስኬል ነው የምትጠቀመው?» ብለህ ጊዜህን አትጨርስ። ያችን አንዷን ቤንድ ቀስ ብሎ እንዲያሳይህ ለምነው፤ አውራ ጣቱንና አንጓውን እይ።

ክርህንም እይ። ወፍራሙን 11 ቁጥር ከገጠምክ ለጊዜው ወደ 10 ወይም ወደ 9 ውረድ፤ ምንም ነውር የለውም። የምትለማመደው በአኩስቲክ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ክር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅል ሽቦ ስለሆነ ይህን ያህል አይገፋልህም፤ ጣትህን አታሠቃየው፣ ኤሌክትሪክ ተዋስ። ከቤንድ በኋላ ክሩ ቅኝቱን ከለቀቀ ነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ቁራጭ) ላይ ባለው ስንጥቅ ውስጥ እየያዘ ይሆናል። ክሩን አላልተህ ስንጥቁን በእርሳስ ቀባ ቀባ አድርገው።

ቤንዱ መድረስ ሲጀምር ወደ ቫይብራቶ፣ ኖታውን ወደ ማንቀጥቀጥ፣ ሂድ። እዚህ ላይ አሜሪካዊውን የብሉዝ ጊታሪስት ቢቢ ኪንግን በደንብ ስማው። የእናቱ ዘመድ የነበረው የብሉዝ ተጫዋች ቡካ ዋይት በክሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ ሲጫወት ሰምቶ ያንን ድምፅ ሊያወጣ ሞከረ፤ በብረቱ አልሆነለትም። በእጁ መንቀጥቀጥ ሊያመጣው ሲጥር ነው ያ ቫይብራቶ የተወለደው። ምስሉን ካየህ ሌባ ጣቱ ክሩ ላይ ቀርቶ አውራ ጣቱ ከአንገቱ ይለቃል፣ መላ እጁ ይርገበገባል። አንተ ግን የተገፋ ክር ላይ ስታንቀጠቅጥ አውራ ጣትህን አትልቀቅ። ኢ ላይ ድረስ፣ ትንሽ ጠብቅ፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ፣ መልሰህ ኢ፤ ዝቅ፣ ኢ። ከኢ በላይ አትውጣ። ያልተገፋ ኖታ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ከፍ ብለህ ወደ ቦታው ትመለሳለህ። እኩል እኩል ይሁን። የቸኮለ ቫይብራቶ ብርድ የመታው ሰው ይመስላል።

ሌላውን የብሉዝ ጊታሪስት አልበርት ኪንግንም ጨምር። ግራኝ ነበር፤ ጊታሩን ገልብጦ ስለሚይዝ ቀጫጭኖቹ ክሮች ከላይ ይሆኑለትና ወደ ታች ይስባቸው ነበር። ከአንድ ሙሉ ቶን፣ ከዲ እስከ ኢ ካለው ርቀት፣ ብዙ ያልፋል። እሱን ከቢቢ ኪንግ በኋላ ያዘው።

አሁን አጠናንህ። ቢቢ ኪንግ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1964 በቺካጎ ሪጋል ቲያትር ሕዝብ ፊት የቀዳውን ፈልግ። አራት ባር (የምት ክፍል) ብቻ ምረጥ። ለሁለት ቀን ጊታር አትንካ፤ ስማውና በአፍህ ዝፈነው፣ ትንፋሽ የሚወስድበትን ሳይቀር። በሦስተኛው ቀን ፈልገህ አግኘው፣ በስልክህ ቅዳው፣ ጎን ለጎን አድርገህ ስማ። ከዘፈኑ ጋር ሲጫወት ልብ በል፤ ድምፁ ሁለት ባር ይላል፣ ጊታሩ ሁለት ባር ይመልስለታል። አብረው አያወሩም። በቅጂህ ውስጥ ግን አንድም ዝምታ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለህ፣ አላወቅከውም። ትዝታ ሜጀርን ከኤ ብትጀምረው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ነው። ፈረንጆቹ ሜጀር ፔንታቶኒክ የሚሉት ራሱ ነው፣ ኤ ሰባት ኮርድ ላይ ቁጭ ይላል። ማይነር ፔንታቶኒኩ ውስጥ ያለው ሲ ደግሞ ከሲ ሻርፕ ጋር ጎረቤት ነው። ሲን ግማሽ መንገድ እንኳ ሳትሞላ በትንሹ ግፋው፤ ያ በሁለቱ መሐል ያለው ምሬት ብሉዝ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች በአንዲት ክር ስንት ነገር እንደሚናገር አስብ። አንተም ከቤንዱ ልምምድ ውጪ ለአንድ ሳምንት ሁለተኛው ክር ላይ ብቻ ተጫወት፣ ሌሎቹን አትንካ።

በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። አስሩን ደቂቃ ለዚያች ቤንድ ስጣት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቅጂ ላክልኝ፤ ሶሎ አይደለም፣ ከዲ ወደ ኢ የተገፋችዋን አንዷን ኖታ ብቻ፣ አሥር ጊዜ ደጋግመህ።