ስልክ ነው ወይስ ኮምፒውተር? የዩዘር ኤጀንት ጥያቄዎቻችሁ

ድረ-ገጽ የምትሠሩ ልጆች ጎብኚው በምን መሣሪያ እንደገባ ከዩዘር ኤጀንት ስለመለየት የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ። ቀላሉን በአጭሩ አልፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥ፦ ከመጀመሪያው እንጀምር። ዩዘር ኤጀንት ምንድን ነው?

መ፦ ብራውዘር ገጽ ሲጠይቅ አብሮ የሚልካት አጭር ጽሑፍ ናት። የብራውዘሩን ስምና የሚሠራበትን ሲስተም ትናገራለች። መታወቂያ ግን አይደለችም። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ስትሉ «እኔ ነኝ» የሚለውን ሰው አስቡ። ድምፁን ለይታችሁ ትከፍታላችሁ እንጂ ማስረጃ አላያችሁም።

ጥ፦ እኔ የምጠቀመው ክሮም ነው። ታዲያ ለምን «ሞዚላ» ብሎ ይጀምራል? መጨረሻው ላይ ደግሞ «ሳፋሪ» አለ!

መ፦ ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። በ1990ዎቹ ኔትስኬፕ የሚባል ብራውዘር ነበር፤ የቤት ስሙ ሞዚላ። ገጹን በፍሬም መከፋፈል ስለሚችል ሰርቨሮች (ገጹን የሚልኩት ኮምፒውተሮች) «ሞዚላ» የሚል ሲያዩ ጥሩውን ገጽ፣ ሌላ ሲያዩ ተራውን ይሰጡ ጀመር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሲመጣ ይህ አልተመቸውም። እሱም «ሞዚላ ነኝ» አለና ትክክለኛ ስሙን በቅንፍ ሸጎጠው። በ2003 ሳፋሪ «እንደ ጌኮ ነኝ» ብሎ ተቀላቀለ፤ ጌኮ የፋየርፎክስ ሞተር፣ ማለትም ገጹን ስክሪን ላይ የሚሥለው ክፍል ነው። በ2008 ክሮም የሁሉንም ስም ሰብስቦ የራሱን ጨመረበት። ኤጅ ደግሞ የክሮምን እንዳለ ወስዶ ጫፉ ላይ ስሙን ለጠፈ።

ስለዚህ ኮዳችሁ ቅደም ተከተል ይጠብቅ። መጀመሪያ ኤጅ፣ ከዚያ ክሮም፣ ሳፋሪ በመጨረሻ። ከገለበጣችሁት ክሮም ሁሉ ሳፋሪ ሆኖ ይቆጠርላችኋል።

ጥ፦ የአንድሮይድ ስልክና ታብሌት እንዴት ይለያሉ?

መ፦ ክሮም ስልክ ላይ «ሞባይል» የሚል ቃል ይጨምራል፣ ታብሌት ላይ ይተወዋል። «አንድሮይድ» ካለ ስልክ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

ጥ፦ አይፓዴ ሎጉ (የጎብኚዎች መዝገቡ) ላይ ማክ ኮምፒውተር ሆኖ ተመዘገበ። ተሳስቼ ነው?

መ፦ አልተሳሳትሽም እህቴ። ከ2019 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይፓድ ኦኤስ 13 ወዲህ፣ የአይፓድ ሳፋሪ ራሱን ማኪንቶሽ ብሎ ነው የሚያስተዋውቀው። ሰርቨር ላይ ጽሑፏን ብቻ አይተሽ አትለዪውም። ገጹ ከተከፈተ በኋላ ግን በጃቫስክሪፕት ስክሪኑ ስንት ጣት በአንዴ እንደሚቀበል መጠየቅ ይቻላል። ማክ 0 ይላል፣ አይፓድ 5።

ጥ፦ ሎጌ ውስጥ የአንድሮይድ ጎብኚ ሁሉ «አንድሮይድ 10፤ ኬ» ሆኗል። ቴክኖው፣ ሳምሰንጉ የት ገባ?

መ፦ ክሮም ሆን ብሎ ደብቆታል። የስልኩ ሞዴልና የሲስተሙ ዝርዝር ቁጥር ሲደማመሩ አንድን ሰው ከብዙ ሺህ መሃል ነጥሎ ለመከታተል ይመቻሉ። ስለዚህ በ2023 ለአንድሮይድ ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደረጉለት። «ኬ» የስልክ ስም አይደለም፤ የሞዴሉን ቦታ የያዘች ፊደል ናት። ዊንዶውስ 11ም እስካሁን «10» ነው የሚለው፣ አትደነቁ።

ሞዴሉ የግድ ካስፈለገህ ክላየንት ሂንትስ የሚባል መንገድ አለ። ክሮም «ሞባይል ነኝ ወይም አይደለሁም» የሚለውን ሳይጠየቅ ይልካል፤ ሞዴሉን ግን ሰርቨርህ ሲጠይቅ ብቻ። ሁለቱም የሚላኩት በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረ ግንኙነት ብቻ ነው። ሳፋሪና ፋየርፎክስ ይህን አይልኩም።

ጥ፦ ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀሙ ሰዎች በአይፒ አድራሻቸው ውጭ አገር ያሉ ይመስላሉ። ለምን?

መ፦ ዳታ በጣም በሚቆጥበው አሠራሩ ገጹን የሚያወርደው ስልኩ ሳይሆን የኦፔራ ሰርቨር ነው። ጨምቆ ለስልኩ ያቀብላል። የምታየው አድራሻ የዚያ ሰርቨር ነው። የስልኩ የራሱ ዩዘር ኤጀንት ለብቻው በሌላ ሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚላክ የመረጃ መስመር) ይመጣል፤ እሱን አንብብ። ዳታ ለሚቆጥብ አንባቢ የምትጽፍ ከሆነ ይቺን አትዝለላት።

ጥ፦ «ጉግልቦት ነኝ» (ገጾችን ለጉግል ፍለጋ የሚያነበው ፕሮግራም) የሚለውን ልመነው?

መ፦ አትመነው። ማንም እንዲያ ብሎ መጻፍ ይችላል። አይፒውን ወደ ስም መልሰህ ፈልግ፣ ስሙ የጉግል መሆኑን እይ፣ ከዚያ ስሙን እንደገና ወደ አይፒ። ስሙ የጉግል ካልሆነ ወይም ሁለቱ አይፒዎች ካልገጠሙ ሌላ ሰው ነው።

ጥ፦ ለስልክ አንድ ገጽ፣ ለኮምፒውተር ሌላ ገጽ ከሰርቨር ብልክስ?

መ፦ እኔ ሞክሬው ጉድ ሆኛለሁ። በስልክ የገባው የመጀመሪያ ሰው ገጽ ካሽ (ለቀጣይ ጎብኚ ቅጂ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር የመጣው ሁሉ ያቺኑ ቀጭን ገጽ ያይ ነበር። ደንበኛዬ ደውሎ «ድረ-ገጼ ከሳ» አለኝ። ካሹ በዩዘር ኤጀንት እንዲለይ «ቬሪ» የሚባለውን ሄደር መላክ ነበረብኝ። እሱም ቢሆን የጽሑፉ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ካሹን ዋጋ ያሳጣዋል። ሜኑ ለማጠፍና ፊደል ለማስተካከል ብቻ ከሆነ የገጹን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስ ይበቃል፤ የስክሪኑን ስፋት፣ በጣት ይነካ በማውስ፣ እዚያው ብራውዘሩ ላይ ይለየዋል። ዩዘር ኤጀንት ለቆጠራ ይሁን፣ ወይም «አፑን አውርድ» የሚለው ቁልፍ የትኛው ስቶር ይውሰድ ለማለት።

ጥ፦ ሰውየው ስልኩ ላይ «ዴስክቶፕ ሳይት» የሚለውን ቢነካስ? እንዴት አድርጌ ልያዘው?

መ፦ የአንድሮይድ ክሮም ያኔ የሊኑክስ ኮምፒውተር ነኝ ይልሃል። ለምን ትይዘዋለህ ወንድሜ? የኮምፒውተሩን ገጽ ፈልጎ ነው የነካው፣ ስጠው።